የመስቀል ማግስት መንገደኛ

መስከረም 16 ቀን ደመራው ይለኮሳል፤ በ17 የመስቀል በዓል ይውላል። በዚህ በካልጋሪ ሥራውም ትምህርቱም ስለማይፈቅድልን ደመራውን ብዙ ጊዜ በአቅራቢያው ወደሚገኘው ቅዳሜ ስበን እናከብራለን፤ ዝማሬው ሲያበቃም ልጆቻችንን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደየቤታችን እንበተናለን። በበዓሉ ማግስት፣ ማለት መስከረም 18 ቀን፣ ቤተ ክርስቲያናችን የማንን መታሰቢያ እንደምታደርግ ቢጠየቅ ግን መልስ የሚሰጥ ከመካከላችን ጥቂት ነው። የዕለቱ ስንክሳር የሚያነሣቸው ጻድቅ አባታችን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው።

እኒህ አባት በስተርጅናቸው ከአገራቸው በእግራቸው ወጥተው፣ ኖባን አቋርጠው፣ ወደ ግብፅ ወርደው፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ በቆጵሮስ በኩል አልፈው አርማንያ የደረሱና በዚያም 14 ዓመት ኖረው በሰው አገር ያረፉ ናቸው። ከዚህ ጉባኤ ምእመናን ብዙዎቻችን ከአገር የወጣነው በሱዳን በኩል በእግር በመሆኑ፣ የጻድቁን ዜና ስናነብ ከመንገዱ ከፊሉን በእግራችን እናውቀዋለን። ተአምራታቸውን በዚህ ጽሑፍ ለመዘርዘር አላሰብሁም፤ ተአምሩ በገድላቸው በሰፊው ተጽፏል፣ ገድሉም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቱራየቭ በተባለ ሩሲያዊ ሊቅ አማካይነት ለኅትመት በቅቷል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጻድቁ በዚያ ረጅም መንገድ ላይ ከማን ጋር ሄዱ፣ ማንን አገኙ፣ ካገኟቸውስ ጋር እንዴት ሆኑ የሚለው ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማስፈሬን አንባቢ ይወቅልኝ።

አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ1273 ገደማ ተወለዱ። አባታቸው ክርስቶስ ሞዓ፣ እናታቸው ሥነ ሕይወት ይባላሉ፤ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውም ስም ማዕቀበ እግዚእ ነበር። ገና በልጅነታቸው በገርዓልታ የደብረ ማርያም አበ ምኔት ወደነበሩት አጎታቸው ወደ አባ ዳንኤል ተላኩ። የገርዓልታን አምባዎች ያየ ሰው ያ ልጅ በምን ዓይነት ስፍራ እንዳደገ ይገባዋል። ማርያም ቆርቆር ከገደል አፋፍ ላይ ካለው ከቀዩ ድንጋይ ተፈልፍላ የተሠራች ናት፤ ዛሬም ወደ እርሷ የሚወጣ ሰው አለቱን በእጁ እየጨበጠ፣ እግሩን በተቦረቦረው ስፍራ እያሳረፈ ነው የሚወጣው። በዚያ ትምህርታቸውን ተምረው፣ ሥርዓተ ምንኵስናን ተቀብለው ኤዎስጣቴዎስ ተባሉ፤ ቅስናንም ተቀበሉ። ከዚያም ወደ ሠራየ ተሻግረው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ደቀ መዛሙርትም ከየአቅጣጫው ወደ እርሳቸው ጎረፉ።

ከእነዚህ ደቀ መዛሙርት የአራቱን ስም ከወዲሁ ልጥቀስ፤ በኋላ ያስፈልገናልና። አባ አብሳዲ፣ አባ ባኪሞስ፣ አባ መርቆሬዎስና አባ ገብረ ኢየሱስ ይባላሉ።

በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችንን ለሁለት የከፈለው የሰንበት ጥያቄ ነበር። ስለ እሑድ ክርክር አልነበረም፤ ክርክሩ ስለ ቅዳሜ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ዐሠርቱ ትእዛዛትንና የሐዋርያትን ሲኖዶስ መሠረት አድርገው ሁለቱም ሰንበታት በእኩል ክብር እንዲከበሩ ያስተምሩ ነበር። የእስክንድርያ መንበር በበኩሏ ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ልማድ ነው ስትል ትከለክል ነበር። ጳጳሳችን ከዚያ ይላክልን በነበረበት ዘመን ብዙው ካህንና ባለሥልጣን የመንበሯን ውሳኔ ይዞ መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። በነገራችን ላይ፣ የዚህ አገር ሰው ቅዳሜንም እሑድንም ሥራ ፈትቶ ሲውል ባየሁ ቁጥር ጻድቁ ትዝ ይሉኛል። ሁለቱንም ሰንበታት የምንሽረው ታክሲ የምንነዳውና በስጋ ፋብሪካ የምንቆመው እኛው ነን።

ነገሩ በቀን ክርክር ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ጻድቁና ልጆቻቸው ቅዳሜን ከሚሽር ሰው ጋር በማዕድም በመሥዋዕትም መተባበርን እንቢ አሉ። ቅዳሜን ከማይቀበል ጳጳስ እጅ ክህነት መቀበልም ለእነርሱ ከባድ ሆነ። እነርሱ ይህን የሃይማኖት ጽናት አሉት፤ ሌላው ወገን መለየት አለው። ገድሉን የጻፈው ሰው የልጆቻቸው ወገን ስለሆነ በዚህ ጉዳይ አያመነታም። እኔ ግን፣ የሁለቱንም ወገን ልጆች በአንድ አዳራሽ ሲያስቀድሱ የማይ ሰው በመሆኔ፣ ያን ያህል ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

ተቃውሞው በአገራቸው ካህናት ዘንድ በበረታ ጊዜ፣ በ1337 ገደማ፣ ዐፄ ዐምደ ጽዮን በነገሡበት ዘመን፣ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ለመሄድ ተነሡ። ዕድሜያቸው 64 ዓመት ያህል ሆኖ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ አባት በዚህ አገር ጡረታውን ይጠብቃል እንጂ ምርኩዝ ይዞ በረሃ አይገባም። ማኅበሩን ለአባ አብሳዲ አደራ ሰጡ። ከደቀ መዛሙርቱ ከፊሎቹ፣ ከእነርሱም መካከል ባኪሞስ፣ መርቆሬዎስና ገብረ ኢየሱስ፣ ተከተሏቸው።

የቀሩት ሰዎች ከሄዱት ይልቅ ቀላል ዕጣ እንደደረሳቸው አድርገን ብዙ ጊዜ እናስባለን። አባ አብሳዲ ግን የተወገዘ የሚባል ማኅበር ይዘው፣ መሪያቸው ይመለሱ አይመለሱ ሳያውቁ፣ ክህነት የሚሰጣቸው ሳይኖር በአገር የቀሩ ሰው ናቸው። እናት አባቱን አገር ቤት ትቶ የወጣ ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

መንገዱ ከሠራየ ተነሥቶ ወደ ቦጎስና ወደ ማርያ አገር ይወርዳል። ደጋው ያልቅና ቆላው ይጀምራል፤ ገብሱና ጤፉ ይቀርና ግራሩና አሸዋው ይተካል። ከዚያ የኖባ ምድር አለ፤ ከኖባ በኋላ የዓባይን ወንዝ ተከትሎ ግብፅ ነው። ከሠራየ እስከ ካይሮ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ርቀቱን ለመገመት የሚፈልግ ሰው ከካልጋሪ ዊኒፔግ ደርሶ ከዚያም እኩሌታውን መንገድ በእግሩ እንደተመለሰ ያስብ፤ ይህም ጥርጊያው ጎዳና፣ ነዳጅ ማደያውና ቡና መሸጫው ሳይኖር ነው።

በግእዝ ነጋዲ የሚለው ቃል የሚሸጥና የሚለውጥ ሰው ማለት ብቻ አይደለም፤ መንገደኛንም፣ ቅዱስ ስፍራ ለመሳለም የሚሄድንም ይጠራል። እንግዳ የምንለው ቃልም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። አባቶቻችን ይህን ቃል ሲጠቀሙ ነገሩን በሚገባ ያውቁት ነበር፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ መነኩሴ ብቻውን በረሃ አያቋርጥም፣ ጨው ወይም ሌላ ሸቀጥ ከጫነ ሰው ጋር ተጠግቶ ይሄዳል፤ ውኃ የሚገኝበትን የሚያውቀው እርሱ ነውና። ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ መነኩሴና ነጋዴ፣ ክርስቲያንና እስላም፣ ደገኛና ቆለኛ በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ይገናኙ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ብናገር አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በ1985 ከጎንደር ምድር ወደ ገዳሪፍ ስንሄድ ሌሊት እየተጓዝን ቀን በጫካ እንተኛ ነበር። ከተለያየ ስፍራ የተነሡ ሰዎች በየመንገዱ ይቀላቀሉናል። ስም አይጠየቅም ነበር፤ መጠየቅ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም አደጋ ነው። ከእነዚያ አንዱ፣ የንግግሩ ዘዬ ከእኔ አገር ያልሆነ፣ ቅሉን አውጥቶ ለእኔ የሰጠኝን ውኃ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ኋላ በዚህ በካልጋሪ አየሁት። ያየሁትም ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ሳይሆን ከሌላው ደጅ ሲወጣ ነበር፤ በዚያን ዘመን ደጆቻችን ሁለት ነበሩና። አንገታችንን ሰበር አድርገን ተሳለምን እንጂ አልተነጋገርንም። ያ ቀን ከበረሃው ይልቅ ረጅም ሆኖብኛል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስን እንዳነብ ያደረገኝም እርሱ ነው።

ወደ ጻድቁ እንመለስ። አንድ ነገር ገድሉ በግልጽ ባይዘረዝረውም ማሰብ አያዳግትም። ሁለቱን ሰንበታት የሚያከብር ማኅበር በየሳምንቱ ሁለት ቀን መንገድ አይሄድም። የነጋዴ ጓዝ ግን ውኃ እስኪያገኝ አይቆምም። ስለዚህ ዓርብ ማታ ጻድቁና ልጆቻቸው ጓዛቸውን ሲያወርዱ፣ አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ትተዋቸው ያልፋሉ፤ ሰኞ ማለዳ ሲነሡ የሚያገኙት ሌላ መንገደኛ ነው። ትምህርታቸው ከመንገድ ጓደኞቻቸው የሚለያቸው በጉባኤ ብቻ አልነበረም፤ በአሸዋውም ላይ ነበር። በአንጻሩም እርስ በርሳቸው የነበራቸው ፍቅር ከየት እንደመጣ ይህ ያሳየናል። በየሳምንቱ ሁለት ቀን ብቻቸውን በረሃ ላይ የቀሩ ሰዎች ወይ ይጣላሉ ወይ ወንድማማች ይሆናሉ።

ኖባ በዚያን ጊዜ የሚያሳዝን ሁኔታ ላይ ነበረች። ለብዙ መቶ ዓመታት የክርስቲያን መንግሥት ሆና ኖራ፣ በዶንጎላ የንጉሡ የዙፋን አዳራሽ በ1317 መስጊድ ሆኖ ነበር፤ ከዶንጎላ በስተደቡብ ያለችው አልዋ ግን ገና ክርስቲያን ነበረች። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከኖባ ንጉሥ ጋር እንደተገናኙና በመልካም እንደተቀበላቸው በገድላቸው ይነገራል። እኛ ሱዳንን ስናልፍ ያየናት አገር ከዚያ ሁሉ አንድ ደወል እንኳ አልተረፈላትም፤ ሆኖም የገዳሪፍ ገበሬ እንጀራውን አልነፈገንም፣ ይህም ሊነገር ይገባዋል።

ግብፅ ለክርስቲያን መንገደኛ የቀለለች አልነበረችም። በ1321 ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ፈርሰው ነበር፤ ምእመናኑም በፍርሃት ይኖሩ ነበር። ፓትርያርኩ አባ ብንያም፣ በዚህ ስም ሁለተኛው፣ ከ1327 እስከ 1339 በመንበሩ የነበሩ ናቸው። የፓትርያርኩ መቀመጫም በካይሮ ሐረት ዙዌላ በሚባለው ሰፈር ነበር። ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱም ሲመለሱም ካይሮ ላይ ያርፋሉ፤ ወሬ የሚለዋወጡት፣ የታመመው የሚታከመው፣ ስንቅ ያለቀበት የሚረዳው በዚያ ነው።

የታሪኩ ልብ እዚህ ላይ ይመስለኛል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው ካይሮ ሲደርሱ የአገራቸውን ሰዎች አገኙ። ተሳላሚዎች ናቸው፤ በዚያው ዓይነት መንገድ የመጡ፣ ያንኑ ፀሐይ የተቃጠሉ፣ ቋንቋቸው አንድ የሆነ ናቸው። በባዕድ ከተማ የአገር ሰው ማግኘት ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በካልጋሪ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፈ ሰው፣ በአውቶቡስ ማቆሚያ በበረዶው መካከል አማርኛ ሲነገር ሲሰማ ልቡ እንዴት እንደዘለለ ያስታውሳል። ይሁን እንጂ በካይሮ የሆነው ሌላ ነው። ጻድቁ ሰንበትን አትጠብቁም ብለው ከእነርሱ ጋር መተባበርን እንቢ አሉ። ተሳላሚዎቹም ተቆጥተው በፓትርያርኩ ፊት ከሰሷቸው። ሁለቱ ወገኖች ከሠራየና ከሸዋ፣ ከትግራይና ከአምሓራ የጀመሩትን ክርክር ተሸክመው፣ ከስንቃቸው ጋር በረሃውን አሻግረው፣ በሌላ አገር ፓትርያርክ ፊት አወረዱት።

አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከሳሽ ሆነው ቀረቡ፤ መጻሕፍትን ጠቅሰውም ስለ ሁለቱ ሰንበታት ተከራከሩ። ከያዙት አልተናወጡም። የእስክንድርያ መንበርም ከያዘችው አልተናወጠችም። አንዱ ሌላውን አላሸነፈም። ጻድቁ ምርኩዛቸውን አንሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ከተሳላሚዎቹም ጋር ሳይታረቁ ተለያዩ።

ማን ትክክል ነበር ብሎ መፍረድ የእኔ ፋንታ አይደለም፤ በትምህርቱ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያናችን ኋላ ወስናለች፣ ወደዚያም እንደርሳለን። በሰው ዘንድ ግን ያ መለያየት እንደሚያም ልናገር እችላለሁ። ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ በሲኖዶሳችን መካከል የተፈጠረው መከፈል እስከ 2018 ጁላይ፣ በዋሽንግተን ዕርቅ እስከተፈጸመበት ጊዜ ድረስ፣ በየስደት ከተማው ወንድምን ከወንድም አለያይቷል። ዕርቁ ሲወርድ ያለቀስን ሰዎች ያለቀስነው ስለ ቀኖና አልነበረም። ያ የውኃ ሰው ግን ከዕርቁ በፊት ነው ያረፈው፤ በቀብሩ ላይ የቆምሁት ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነበር።

ከግብፅ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ቅዱሳት መካናትን ተሳለሙ፤ ለአብዛኛው መንገደኛ ጉዞው የሚያበቃው እዚህ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ግን አልተመለሱም። የሚመለሱበት መንገድ በካይሮ በኩል ነው፤ ካይሮ ላይ ያሉት ደግሞ እነዚያው ከሳሾች ናቸው። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ገድሉ የእግዚአብሔርን ጥሪ ነው የሚናገረው። ይሁንና ወደ ደቡብ ሳይሆን ወደ ሰሜን ዞሩ። ቆጵሮስን አለፉ፤ ደሴቲቱን በዚያን ጊዜ የሚገዟት የፈረንጅ ነገሥታት ነበሩ።

በሥዕል ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ የባሕሩ ታሪክ ነው። መርከብ ሳይኖራቸው ዓጽፋቸውን በባሕር ላይ ዘርግተው፣ ደቀ መዛሙርታቸውን በላዩ አቁመው፣ መላእክት እየረዷቸው ተሻገሩ ይላል። ሠዓሊዎቻችን ይህን ሲሥሉ ጻድቁን ብቻቸውን በዓጽፉ ላይ አያቆሟቸውም፤ ልጆቻቸው አብረዋቸው ናቸው። በጠባቧ ጨርቅ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ መነኮሳትን ሳይ፣ በካይሮ ያልተቻለው ነገር እዚህ የተቻለ ይመስለኛል።

አርማንያ ስንል በዚያ ዘመን በሜድትራንያን ባሕር ዳር ያለችው የኪልቅያ መንግሥት ነበረች፤ ዋና ከተማዋም ሲስ ነበር። የአርመን ቤተ ክርስቲያን እንደ እኛው የኬልቄዶንን ጉባኤ የማትቀበል እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሲደርሱ ግን አርመኖችም የራሳቸው ጭንቀት ነበራቸው። በአንድ በኩል የግብፅ ገዢዎች ይወጓቸው ነበር፤ አያስ የሚባለውን ወደባቸውን ያጡት ጻድቁ ከአገራቸው በወጡበት ሰሞን፣ በ1337 ነው። በሌላ በኩል ከሮም ጋር አንድነት ይደረግ አይደረግ በሚለው ክርክር፣ በ1307 በሲስ በ1316 ደግሞ በአዳና ጉባኤ ተደርጎ፣ ሕዝቡ ተከፋፍሎ ነበር። ከአንዱ ክርክር ሸሽተው የመጡ አባት ሌላ ክርክር መካከል ገቡ ማለት ነው። አርመኖቹ ግን በክብር ተቀበሏቸው፤ ጻድቁም በዚያ 14 ዓመት ተቀመጡ።

ስለ እነዚያ 14 ዓመታት የምንሰማው ከበረሃው ጉዞ ያነሰ ነው። ቋንቋውን በ65 ዓመት ዕድሜያቸው መማር ነበረባቸው። ክረምቱ በረዶ ያለበት ነው፤ በተራራው ላይ ቢያንስ እንደ እኛው ነው። ከ1347 ጀምሮ ታላቁ ቸነፈር ከእስክንድርያና ከቆጵሮስ ተነሥቶ ያንን ዳርቻ ሁሉ ጠርጎታል። በዚያ ሁሉ መካከል አንድ ሽማግሌ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከጥቂት ልጆቻቸው ጋር፣ በአርመኖች መካከል፣ ቅዳሜንም እሑድንም እያከበሩ ኖሩ። አርመኖቹ ቅዳሜን እንደ ጻድቁ ይጠብቁ አልነበረም። በካይሮ ከአገራቸው ሰዎች ጋር ያልታለፈው ነገር እዚህ ከባዕዳን ጋር እንዴት እንደታለፈ ብዙ አስቤበታለሁ። ምናልባት ለእንግዳ የምናሳየውን ትዕግሥት ለወንድም የማናሳየው፣ ከወንድም ብዙ ስለምንጠብቅ ይሆናል።

በ1352፣ ዕድሜያቸው 79 ዓመት ሲሆን፣ መስከረም 18 ቀን አረፉ። ደቀ መዛሙርቱ በዚያ ቀበሯቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙም የማይነገር ነው፤ ለእኔ ግን ከባሕሩ መሻገር የሚያንስ አይደለም። ባኪሞስ፣ መርቆሬዎስና ገብረ ኢየሱስ ለመመለስ ተነሡ። ሲመጡ ወጣቶች የነበሩ ሁሉ ጎልማሶች ሆነዋል። መሪ የላቸውም፤ በአርማንያ ለመቅረት ምክንያት ሞልቷቸዋል፤ አገር ቤት የሚጠብቃቸው ውግዘት ነው። ይሁን እንጂ ያንን መንገድ እንደገና ተጉዘው፣ ከ15 ዓመት በላይ ከተለዩት አገር ገቡ፤ አባ አብሳዲ በሕይወት ነበሩ። የሄዱትና የቀሩት ተገናኙ። ያን ቀን የሚተርክ ሥዕል ቢኖር ከዓጽፉ ሥዕል አጠገብ እሰቅለው ነበር።

አባ ገብረ ኢየሱስ ወደ እንፍራዝ ሄደው፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ደብረ ሳንን መሠረቱ። አባ አብሳዲ በቆሓይን ደብረ ማርያምን አቀኑ፤ በ1381 አረፉ። የአባ አብሳዲ ልጅ አባ ፊልጶስ ደግሞ ደብረ ቢዘንን መሠረቱ። የኤዎስጣቴዎስ ቤት ከቤተ መንግሥት ርቆ፣ ክህነት ተነፍጎት፣ በዳር አገር በዛ። በየገዳማቱ መነኮሳይያት ነበሩ፤ እነርሱንም የሚመሩ እመ ምኔቶች ነበሯቸው፤ ይህ የእኅቶቻችን ጉባኤ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

በ1400 ዐፄ ዳዊት ጉባኤ ሰበሰቡ። አባ ፊልጶስና ጓደኞቻቸው ቅዳሜን እንዲተዉ ተጠየቁ፤ እንቢ ቢሉ ታሰሩ። በግዞት አራት ዓመት ያህል ቆይተው በ1404 ገደማ ንጉሡ ፈቷቸው፤ ማኅበሩም ቅዳሜን እንዲያከብር ፈቀዱለት፤ በቤተ መንግሥቱና በጳጳሱ ዘንድ ግን የእስክንድርያ ሥርዓት እንደጸና ቀረ። ይህ ዕርቅ አልነበረም፤ ሁለቱም ወገን ሳይነካካ እንዲኖር የተደረገ ስምምነት ነው። እንዲህ ያለውን ስምምነት እኛም እናውቀዋለን። በሠርግና በለቅሶ አብሮ መቀመጥ፣ በቅዳሴ መለያየት ነው።

በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሸዋ፣ በደብረ ምጥማቅ፣ ሁለቱንም ወገን ሰበሰቡ። ከእስክንድርያ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት፣ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል፣ በጉባኤው ነበሩ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ካይሮ ላይ ከተከሰሱ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ከሳሾቹም ተከሳሹም ከሞቱ ቆይተዋል። በጉባኤው ጳጳሳቱ ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም፣ እነዚያ ከሦስትና ከአራት ትውልድ ጀምሮ ክህነትን ከጳጳስ እጅ ያልተቀበሉት፣ ቀርበው ከእነዚሁ ጳጳሳት እጅ ዲቁናና ቅስና ተቀበሉ። አንዱ ወገን ቀኑን፣ ሌላው ወገን እጁን ተቀበለ። በዚያን ጊዜ አብረው ቀደሱ።

ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያናችን ሰንበት ሁለት ነው፤ ቅዳሜንም ቀዳሚት ሰንበት ብለን እንጠራታለን። በመጪው መስከረም 18 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ፣ ከደመራው አመድ ማግስት፣ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስም ይነሣል። የአራቱን ልጆቻቸውን ስም ግን ሁልጊዜ አይነሣም፤ ስለዚህ ከላይ ጻፍሁላችሁ።